ቦታው ከመሸጡ በፊት

ደብዳቤው ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። 32 ዓመቴ ነው። የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። ጋራዥ የገባሁት ገና በ15 ዓመቴ፣ በረዳትነት ነው። ኋላ ማታ ማታ ተምሬ ደረጃ 4 ጨርሻለሁ፤ ሲኦሲም አልፌያለሁ። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የአራት ዓመት ልጅ አለችን። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ሲኖትራኩም አይሱዙውም አይመጣም፤ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እንውላለን። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው በቴሌግራም አገኘኝ። አውስትራሊያ ውስጥ ዱቦ የሚባል ከተማ መካኒክ ጠፍቷል፣ አሠሪው ራሱ ስፖንሰር ያደርግሃል፣ እንግሊዝኛ አያስፈልግም አለኝ። የቅጥር ደብዳቤም ልኮልኛል፤ ፎቶውን አያይዤዋለሁ። የስፖንሰር ማስያዣ 480 ሺህ ብር ነው አለ፤ 150 ሺው አሁን፣ ቀሪው ቪዛው ሲመታ። እናቴ ከአባቴ የቀረውን ቦታ እንሽጠው ብላለች። ገዢም ተገኝቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቀብድ ሊከፍል ነው። ባለቤቴ ዝም ብላለች። ምን ይሉኛል?»

ወንድሜ፣ ቀብዱን እንዳትቀበሉ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን። ይህን ግን ዛሬውኑ ለእናትህ ንገራቸው።

በመጀመሪያ፣ ሞኝ ስለሆንክ አይደለም ያመንከው። ሰውየው የነገረህ ነገር ግማሹ እውነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ሲባል ባለሙያ ይጠፋል። ወጣቱ ሲድኒና ሜልበርን ይገባል፤ ትራክተሩ፣ የእህል መኪናውና የማዕድን ማሽኑ እዚያው ይቀራሉ። ሲበላሹ የሚጠግናቸው እጅ ይፈለጋል። መንግሥታቸውም ለዚሁ ሲል ከኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 494 የሚባል ቪዛ አለው። አሠሪው ሠራተኛውን ከውጭ ስፖንሰር አድርጎ ያስገባል፤ ሠራተኛው ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪዝበን ውጭ ባለው አካባቢ ይኖራል፣ ይሠራል። ቪዛው የአምስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት በደንቡ ከኖረ በኋላ 191 ለሚባለው ቋሚ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። ዱቦ የተባለውም ከተማ አለ። ከሲድኒ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ስንዴና በግ ያለበት አገር ነው። የናፍጣ ሞተር መካኒክም ከሚፈለጉት ሙያዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ብሩ በተገላቢጦሽ እየሄደ ነው።

በዚህ ቪዛ ስፖንሰር የማድረጉ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛ ከውጭ ላስመጣ ሲል ለአገሩ ዜጎች ማሠልጠኛ የሚውል ክፍያ ለመንግሥቱ ይከፍላል። ለትንሽ ድርጅት 3,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነው፤ ከፍ ላለው 5,000። ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል ክልክል ነው። ከዚያም አልፎ ከዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስፖንሰር ለማድረግ ብሎ ገንዘብ መጠየቅም መቀበልም በሕግ ያስቀጣል። ከፋዩም ነጻ አይወጣም፤ ከፍሎ ያገኘው ቪዛ ሊሰረዝበት ይችላል። እንግዲህ አስበው። ሰውየው አጭበርባሪ ከሆነ ብርህ ይሄዳል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገና አገር ሳትለቅ ጥፋተኛ ያደርግሃል። ስለዚህ «ስፖንሰር ማስያዣ» የሚለውን ቃል የሰማህ ጊዜ ወሬው አልቋል።

የእኛም ሕግ ቢሆን እንዲህ ያለውን አይፈቅድም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 የቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛው የሚችለው የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራውን፣ የሲኦሲውን ዓይነት ወጪ ነው። ሰው ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅትም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የቴሌግራም ስም ፈቃድ አይደለም።

የላክልኝን የቅጥር ደብዳቤ ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ደመወዝ 48,000 ዶላር በዓመት ይላል። ለአንተ ትልቅ ብር ነው፤ ገባኝ። ግን በዚህ ቪዛ ለሚገባ ሰው ዝቅተኛው ደመወዝ ጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. 76,515 ዶላር ተደርጎ ነበር፤ በየዓመቱም ይስተካከላል። የዱቦ ጋራዥ ባለቤት ይህን ሳያውቅ ስፖንሰር አይሆንም። የድርጅቱ የንግድ መዝገብ ቁጥር ደግሞ የለም። አውስትራሊያ ውስጥ የሚነግድ ድርጅት ሁሉ ኤቢኤን የሚባል 11 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። በመንግሥታቸው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል፤ ስሙን ብቻ ብትጽፍም ይወጣል። «የቪዛ ወኪል ነኝ» የሚልህም ካለ ሰባት አሃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቀው። እሱም በነጻ ይታያል።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ስለ ሞተር አንድ ጥያቄ የጠየቀህ ሰው አለ? በደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ካምቢዮ አውርደህ ታውቃለህ ወይ? ፍሪሲዮን ስንቴ ቀይረሃል? ምን ዓይነት መኪና ላይ ነው የሠራኸው? ማንም አልጠየቀህም። የጠየቁህ ፓስፖርትህንና ብርህን ነው። መካኒክ ቸግሮት ከዓለም ዳር ሰው የሚያስመጣ ጋራዥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እጅህ ነው።

ይህን ሁሉ የምልህ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ለካናዳ ብሎ እንዲሁ ከፍሏል። ዕቁብ አወጣን፣ ወርቅ ሸጥን፣ እኔም የድርሻዬን አዋጣሁ። ደብዳቤው ያምር ነበር፤ ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ አርማው። ሰውየው ስልኩን ያጠፋው በጥምቀት ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ታቦቱን አጅበን ከፋሲል መዋኛ ስንመለስ ልጁ ከሰው መሀል ሆኖ ስልኩን እየደጋገመ ሲሞክር አየሁት። ሰው እልል ይላል፤ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ነው። ያን ቀን አልረሳውም። አንተን እዚያ ቦታ ላይ ማየት አልፈልግም።

እሺ፣ ታዲያ አውስትራሊያ ይቅር? እንዲህ አላልኩም። መሄድ ከፈለግህ የምትጀምረው ከአሠሪው ሳይሆን ከራስህ ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአንተ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ነውና።

ባለፈው ዓመት የወንድሜን አይሱዙ ይዘን እዚሁ ከተማችን አንድ ጋራዥ ስንጠብቅ ውለን ነበር። መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ አነሣ። ጫፉን ቴስታታው ላይ አስደገፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ሁለተኛው ኢንጀክተር ነው» አለ። ሲፈታ እውነትም ሁለተኛው ነበር። የጋራዡ ባለቤት ከጠረጴዛቸው ደብተር አወጡ። ገጹ በቅባት ጣት ታትሟል። ቀኑን፣ ሰሌዳውን፣ የተሠራውን ሥራ፣ የሠራውን ልጅ ስም ጻፉ። ሒሳቡን ደመሩ፣ ደብተሩን መልሰው ከቱት።

አንተም ጋራዥ እንዲህ ያለ ደብተር አይጠፋም። ሂድና ባለቤቱን በአክብሮት ጠይቃቸው። የአውስትራሊያው ቪዛ በሙያህ ቢያንስ የሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ትሬድስ ሪኮግኒሽን አውስትራሊያ የሚባል መሥሪያ ቤት ሙያህን ይገመግማል። አዘዞ እጅህን ያውቃል፤ እነሱ ግን የሚያውቁት ወረቀት ነው። ደመወዝህን በእጅህ ከተቀበልክ፣ የጡረታ መዋጮ ካልተቆረጠልህ፣ ስምህ የትም ካልሰፈረ የ17 ዓመት ሥራህ ለእነሱ እንደሌለ ነው። ያሳዝናል፤ ግን አሠራራቸው ይኸው ነው።

ስለዚህ ከደብተሩ ጀምር። ስምህ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሣ። ባለቤቱ የጋራዡ ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጻፉልህ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን መኪና ላይ፣ ምን እንደሠራህ በዝርዝር። «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነው» የሚል ምስጋና ብቻ ዋጋ የለውም። የንግድ ፈቃዳቸውን ኮፒም ለምናቸው። ረዳት የነበርክበትንና ሰርተፊኬትህን ከያዝክ ወዲህ ያለውን ዘመን ለይተህ አስጽፍ፤ ገምጋሚዎቹ አንድ አድርገው አያዩትም። ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ ደመወዝህ በባንክ ይግባልህ። ትንሽም ብትሆን በባንክ ትግባ። ከዓመት በኋላ ያች የባንክ ወረቀት ከማንም ምስክር በላይ ትናገርልሃለች። ባለቤቱ ግብሩን ፈርተው ሊያመነቱ ይችላሉ። አትቆጣቸው፤ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው።

ደላላ የሌለህን ልምድ ጽፌ ማኅተም ልምታልህ ካለህ ሽሽ። የሐሰት ሰነድ ከተገኘብህ የአውስትራሊያ ቪዛ ለሦስት ዓመት ይዘጋብሃል። እውነተኛ ልምድ ያለው ሰው በሐሰት ወረቀት ሲያዝ የማየትን ያህል የሚያንገበግብ ነገር የለም።

እንግሊዝኛም ያስፈልጋል። አይኢኤልቲኤስ በሚባለው ፈተና በአራቱም ክፍል፣ በማዳመጥም በማንበብም በመጻፍም በመናገርም፣ ቢያንስ 6 ማምጣት አለብህ። ፈተናው አዲስ አበባ ብሪቲሽ ካውንስል ይሰጣል። ውጤቱ ለቪዛው የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ስለሆነ አትቸኩል፤ ሳትዘጋጅ ገብተህ ገንዘብህን አታቃጥል። መንገድ ሲዘጋ እጃችንን አጣጥፈን እንውላለን ብለሃል። ያ ሰዓት የእንግሊዝኛ ሰዓት ይሁን። ባለቤትህም በእንግሊዝኛ የተማረች ናት፤ አብራችሁ አጥኑ። ዕድሜህ አያሠጋም፤ ገደቡ 45 ነው።

ከባዱ አሠሪ ማግኘቱ ነው፤ አልደብቅህም። እዚያ ያለ ባለጋራዥ መጀመሪያ ሥራውን በአገሩ ለአራት ሳምንት ማስታወቅ አለበት። ሰው ሲያጣ ነው ወደ ውጭ የሚያየው፤ ያኔም ቢሆን ዓይቶት የሚያውቀውን ሰው ይመርጣል። ከጎንደር ሆነህ ስትጽፍለት ብዙው አይመልስልህም። ሲክ በሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ገጻቸው ላይ ስፖንሰር እናደርጋለን የሚሉትን ለይተህ ራስህ ጻፍላቸው። ስትሠራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ላክላቸው፤ ባሌስትራ ስትቀይር፣ ሞተር ስትገጥም። አንድ ሰው በቪዲዮ ጥሪ ስለ ሞተር ሲያፋጥጥህ ያኔ ደስ ይበልህ።

ብትሄድስ? ኑሮው እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ እንዳትሄድ። በዚህ ቪዛ የምትሠራው ስፖንሰር ላደረገህ አሠሪ፣ በተመዘገብክበት ሙያ ብቻ ነው። ካልተስማማችሁ ሌላ ስፖንሰር መፈለግ አለብህ። ድሮ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በአንድ ጊዜ እስከ 180 ቀን ሆኗል፤ በዚያ መሀል ሌላ ሥራ መሥራትም ይፈቀዳል። አሠሪ «ቪዛህን አሰርዛለሁ» እያለ ሠራተኛውን ቢያስፈራራ ደግሞ ወንጀል ነው። ይህንንም ያወጡት በዚያው ዓመት ነው። እዚያ ላሉ ሰዎች መንግሥቱ በ131 450 የስልክ አስተርጓሚ ይሰጣል፤ አማርኛም አለ። ቁጥሩን አሁኑኑ ደብተርህ ላይ ጻፈው።

ባለቤትህና ልጅህ አብረውህ ሊሄዱ ይችላሉ፤ እሷም የመሥራት መብት አላት። ግን እነሱም እንዳንተው ከሦስቱ ከተሞች ውጭ ነው የሚኖሩት። የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የሞላበት ፉትስክሬይ ሜልበርን ውስጥ ነው። ለበዓል ሄዳችሁ ቡና ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ አትኖሩበትም። ልጅህ «ጎረቤት ማን አለ?» ብላ ስትጠይቅ የምትመልሰውን ከአሁኑ አስብ።

አሁን ወደ አንዲት ዓረፍተ ነገርህ ልመለስ። «ባለቤቴ ዝም ብላለች» ብለህ አለፍካት። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ነርስ ናት። ዲግሪዋ፣ የሙያ ፈቃዷ፣ በየወሩ የሚወጣው የደመወዝ ወረቀቷ፣ የተቆረጠላት ጡረታ፣ አንተ ከቅባት ደብተር ውስጥ ለቅመህ የምታወጣው ማስረጃ ሁሉ እሷ ዘንድ ተሰድሮ ተቀምጧል። ገጠራማው አውስትራሊያ ደግሞ ከመካኒክ ባልተናነሰ ነርስ ይፈልጋል። መንገዱ ቀላል አይደለም። የነርሶች ቦርዳቸው ትምህርቷን ይመዝናል፤ ኤንሲሌክስ የሚባል በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና አለ፤ ከዚያም አውስትራሊያ ድረስ ሄዳ በተግባር ትፈተናለች። ጊዜም ገንዘብም ይበላል፤ ከአንተም መንገድ ሊረዝም ይችላል። ግን ከእናንተ ቤት መጀመሪያ መታየት ያለበት የማን ወረቀት ነው? ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም ያነሣ አይመስለኝም። ደላላውም አንተም ስለ አንተ ብቻ ነው ያወራችሁት።

ሆስፒታላችን አንዲት ነርስ ባጣ ቁጥር እኔም ቅር ይለኛል። ጎንደር እኮ የገጠር ባለሙያ እጥረት ምን እንደሆነ ከማንም በፊት ያወቀች ከተማ ናት። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው ለገጠር የሚሆኑ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ለማሠልጠን ነበር። ዛሬ በዚያው ከተማ የሠለጠነች ልጅ የሌላ አገር ገጠር ይፈልጋታል። ይህ ይሰማኛል። ግን ቤት ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ልጅ የምታሳድጉትም እናንተ። ቅሬታዬን በእናንተ ላይ አልጭንም።

ዝምታዋ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሰውየውን ከመጀመሪያው አላመነችው ይሆናል። ወይም የአማቷን ቦታ ማሸጥ ከብዷት፣ ልናገር ብትል «ምቀኛ» እንዳትባል ፈርታ ይሆናል። ወይም እናቷን ጥላ መሄድ አትፈልግ ይሆናል። አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ አልጠየቅሃትማ።

እናትህን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ቦታውን እንሽጥ ያሉት ስለሚወዱህ ነው። አመስግናቸው፤ እጃቸውን ሳም። ከዚያ ሒሳቡን አስረዳቸው። እውነተኛው መንገድም ወጪ አለው። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ የሙያ ግምገማ አለ፣ የቪዛው ማመልከቻ ራሱ ከ4,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው። ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይከፈልም፤ አንዱን ካለፍክ በኋላ ነው ሌላው የሚመጣው። ለመጀመሪያው እርምጃ ቦታ መሸጥ አያስፈልግም። ገዢውን ይቅርታ ጠይቃችሁ መልሱት። ሌላ ገዢ ይመጣል፤ የተሸጠ ቦታ ግን አይመለስም።

ለቴሌግራሙ ሰው ምንም አትጻፍለት። አትሟገተው፣ አትስደበው። የተለዋወጣችሁትን ግን አታጥፋ። ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥና ለፖሊስ አመልክት፤ ከአዘዞ ያንተን ቁጥር ብቻ አይደለም የያዘው። ዋናውን ፓስፖርትህን ከእጅህ እንዳታወጣ።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ስትተኛ ቡናውን አንተ አፍላ። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» በላት፤ ከዚያ እስክትጨርስ አታቋርጣት።